የውሃ ፓምፕ ንዝረትና ጩኸት፤ ሻጭም ገዢም ሊያውቁት የሚገባ

በከተሞቻችን ውስጥ የቧንቧና የሕንፃ ዕቃ የሚነግዱ ሰዎች አንድ የታወቀ ችግር አለባቸው። ይኸውም አንድ ደንበኛ የውሃ ፓምፕ ገዝቶ በሄደ በሳምንቱ ዕቃውን በካርቶን እንደ ያዘ ተመልሶ ይመጣና «ይህ ፓምፕ ይጮኻል፤ እኔንም ጎረቤቴንም እንቅልፍ ነሥቶናል፤ ወይ ለውጡልኝ ወይ ገንዘቤን መልሱልኝ» ይላል። ነጋዴው ፓምፑን በሱቁ ወለል ላይ አስቀምጦ ለጥቂት ሴኮንድ ኤሌክትሪክ ሲያገናኝለት ዕቃው ያለ አንዳች እንከን በለሆሳስ ይዞራል። ገዢው አላምንም፣ ሻጩም ዕቃዬ ደኅና ነው ይላሉ። ከክርክሩ በኋላ ሌላ ፓምፕ ተለውጦ ይሰጣል፤ ያም በቦታው ከተተከለ በኋላ እንደ ፊተኛው ይጮኻል። በዚህ ዓይነት ሁለት ደኅና ፓምፖች ያለ ጥፋታቸው ይወቀሳሉ፤ አስመጪው ይታማል፤ ባለሱቁም ደንበኛውን ያጣል።

የነገሩ ምሥጢር አስቸጋሪ አይደለም። ከመኖሪያ ቤት ፓምፕ የሚሰማው ጩኸት አብዛኛው ፓምፑ ራሱ ወደ አየር የሚያወጣው ድምፅ አይደለም። ፓምፑ በቡሎንና በብረት ቧንቧ አማካይነት ከቤቱ ጋር ተጠፍሮ ስለሚታሰር፣ የእርሱ ጥቂት ንዝረት ወለሉንና ግድግዳውን ሲያነዝር የሚፈጠር ድምፅ ነው። ስለዚህ ፓምፑን ብቻ ሸጦ መገናኛውን ለገዢው ዕድል የሚተው ነጋዴ ግማሽ ዕቃ ሸጧል ማለት ይቻላል።

ጉዳዩ የምቾት ነገር ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ሕጉን ይመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1225ኛው ቁጥሩ፣ ባለንብረት የሆነ ሰው ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። ሕግ አውጪው ድምፅንና ንዝረትን ለይቶ መጥራቱ የሚደነቅ ማስተዋል ነው፤ ጆሮ የሚሰማውና ግድግዳ የሚሸከመው አንድ አይደሉምና። ከዚያም ወዲህ የወጣው የአካባቢ ጥበቃ መመሪያ ለመኖሪያ ሠፈር የድምፁን ወሰን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል አድርጎታል። ሠፈሩ ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ በአንድ ግድግዳ በሚዋሰኑ ቤቶች ወይም እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ በተስፋፉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ውስጥ፣ በደረጃ ሥር የተተከለ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ከዚህ ወሰን ማለፉ የሚያስገርም አይደለም። ውሃ በተራ የሚደርሳቸው ሠፈሮች ነዋሪዎችም ሮቶ ሳይገዙ፣ ፓምፕም ሳያስተክሉ መኖር ስላልቻሉ፣ ፓምፕ ዛሬ የባለጸጋ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስትና አራት ይገኛል።

ንዝረቱ ከወዴት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ፣ በመኖሪያ ቤት የሚሠራበት የተለመደው ሞተር በደቂቃ ከ2,850 እስከ 2,900 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ይህም በሴኮንድ 48 ዙር ገደማ ነው። የሚዞረው አካል ክብደቱ ከመካከሉ ጥቂት ያፈነገጠ ከሆነ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ፓምፑን ይገፋዋል። ከዚህም በላይ በሞተሩ ውስጥ ያለው የማግኔት ስበት በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚጠነክርና ስለሚላላ «እም» የሚል ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። እነዚህ ሁሉ በማንኛውም ደኅና ፓምፕ ላይ ያሉ ናቸው።

ነገር ግን የፓምፑ አካል ትንሽ በመሆኑ ወፍራሙን ድምፅ ወደ አየር የማሠራጨት ኃይሉ ደካማ ነው። የበገና ጅማት ብቻውን በሁለት ችንካር መካከል ተወጥሮ ቢመታ ድምፁ ከደርዳሪው ጆሮ እምብዛም አያልፍም፤ አዳራሹን የሚሞላው ቆዳ ከለበሰው ገበታ ጋር ሲገናኝ ነው። ባዶ እምብርት ያለው የብሎኬት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የላሜራ በር፣ በስስ የተጣለ ወለል፣ እነዚህ ሁሉ ለፓምፑ ገበታ ይሆኑለታል። ብዙ ሰዎች ጩኸቱን ለማፈን ፓምፑን በላሜራ ሳጥን ይከድኑታል። ይህ ግን ሁለት ጊዜ መሳሳት ነው፤ ሳጥኑ ራሱ ከበሮ ይሆናል፤ ሞተሩም አየር አጥቶ ይግላል።

እንግዲህ አንድ ሰው ጩኸቱ የፓምፑ ይሁን የተከላው ለመለየት ቢፈልግ፣ ቡሎኖቹን ፈትቶ፣ ቧንቧዎቹን በላስቲክ ቱቦ ለጊዜው ተክቶ፣ ፓምፑን በወፍራም የፍራሽ ስፖንጅ ላይ አስቀምጦ ለአንድ ደቂቃ ያስነሣው። ድምፁ ከጠፋ ፓምፑ ደኅና ነው፤ ጥፋቱ የመገናኛው ነው። ድምፁ በስፖንጁም ላይ ካለ ወደ ፓምፑ ውስጥ መመልከት ይገባል። መካኒኮች እንደሚያደርጉት የካቻቪቴውን ጫፍ በኩሽኔታው መቀመጫ ላይ፣ እጀታውን በጆሮ ላይ አድርጎ ማዳመጥ ነው፤ የሚንኳኳ ወይም የሚፈጭ ድምፅ ከተሰማ ኩሽኔታው አልቋል። ሞተሩ «እም» እያለ የማይዞር ከሆነ ወይ ካፓሲተሩ ደክሟል፣ ወይ ከውስጥ የያዘው ነገር አለና ወዲያው ማጥፋት ይሻላል።

ወደ ዋናው ነገር ስንመለስ፣ ፓምፑን ከወለሉ የሚለየው ጎማ ነው። ጎማም ሁሉ ጎማ አይደለም። በአገራችን የተለመደው ከአሮጌ የመኪና ጎማ ሰፊ ቁራጭ ቆርጦ ከፓምፑ ሥር ማንጠፍ ነው። በረባሶ የሚሠራበት ይህ ጎማ ለእግር ጫማ የተመሰገነው ጠንካራና የማይሰምጥ በመሆኑ ነው፤ ለፓምፕ የማይረባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ንዝረትን የሚያስቀረው የጎማው መኖር ሳይሆን በክብደቱ ሥር መስመጡ ነው። በሒሳብ ሲታይ፣ ፓምፑ ሲቀመጥበት 1 ሚሊ ሜትር ያህል የሚሰምጥ ጎማ በሴኮንድ 48 ጊዜ ከሚመጣው ንዝረት ወደ ወለሉ የሚያሳልፈው ስምንተኛውን እጅ ገደማ ብቻ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ፓምፕ በሰፊ የመኪና ጎማ ላይ ሲቀመጥ ግን ጎማው በዓይን በሚታይ መጠን አይሰምጥምና ንዝረቱ እንዳለ ያልፋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ማድረግ ይጠቅማል። አንደኛው ለፓምፑ ክብደት መጨመር ነው። ርዝመቱና ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ጠፍጣፋ 22 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ፓምፑ በእርሱ ላይ በቡሎን ቢታሰር ሁለቱ አንድ ላይ 30 ኪሎ ይሆናሉ፤ ከባድ ነገርም በቀላሉ አይንቀጠቀጥም። ሁለተኛው ደግሞ ጎማውን ከፓምፑ ሳይሆን ከጠፍጣፋው ሥር፣ ያውም በአራቱ ማዕዘን ብቻ በትንንሹ ማድረግ ነው። በሾር ኤ መለኪያ ከ40 እስከ 50 የሆነ ለስላሳ ጎማ፣ 3 ሳንቲ ሜትር በ3 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሲሆን፣ ለዚህ ክብደት ከላይ የተባለውን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰምጣል። መለካቱም ቀላል ነው፤ ጎማው ከመጫኑ በፊትና ከተጫነ በኋላ ቁመቱን ማስተያየት ነው። ገዢው ሰፊ ጎማ ከትንሹ ይሻላል ብሎ ቢከራከር፣ ከሰፊው ይልቅ ትንሹ እንደሚሰምጥ በእጁ ጨብጦ እንዲያይ ማድረግ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ጎማው በደንብ ተመርጦ ከተቀመጠ በኋላ የሚደረገው ነው። ሠራተኛው «እንዳይነቃነቅ» በማለት ረጅም ቡሎን በጎማው መካከል አሳልፎ ወደ ወለሉ ይሰድና ዳዶውን ባለ በሌለ ኃይሉ ያጠብቀዋል። በዚህ ጊዜ ጎማው ተጨፍልቆ ጸጥ ይላል፤ ንዝረቱም በቡሎኑ ብረት ተሳፍሮ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ማሰር ግዴታ ከሆነ ከዳዶው ሥር የጎማ ሮንዴላ ማግባት፣ የቡሎኑንም አንገት በጎማ ቱቦ መሸፈን፣ ዳዶውንም ሮንዴላው ጥቂት እንደ ነካው መተው ያስፈልጋል።

ጎማው ብቻውን ግን አይበቃም፤ የቧንቧው ነገር ከጎማው የማይተናነስ ነው። ፓምፑ በጎማ ላይ ተንሳፎ ሳለ በሁለት በኩል በብረት ወይም በጠንካራ የፕላስቲክ ቧንቧ ከግድግዳው ጋር ከተያያዘ፣ በር ዘግቶ መስኮት እንደ መክፈት ነው። በመግቢያውም በመውጫውም በኩል ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ በሽቦ የተሸረበ ተጣጣፊ ቱቦ ማግባት ያስፈልጋል። ቱቦው ተወጥሮ እንዳይገባ፣ በጥቂቱ እንዲጎብጥ መተው ነው፤ የተወጠረ ቱቦ እንደ ጅማት ያስተላልፋል። በመግቢያው በኩል የሚሆነው ስበት ሲበዛበት የማይጨማደድ፣ በውስጡ ጠንካራ ጥምጥም ያለው መሆን አለበት። ከቱቦው ወዲያ ያለው ቧንቧም በግድግዳው ላይ ሲታሰር በማሠሪያው ውስጥ ጎማ ይኑርበት፤ ግድግዳ ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቦታ ደግሞ በሲሚንቶ ከመመረግ ይልቅ በሰፊ ቱቦ ውስጥ ቢያልፍና ክፍተቱ በለስላሳ ነገር ቢሞላ ይመረጣል። በፎቅ ቤት ከታች ያለው ፓምፕ በሦስተኛው ፎቅ መኝታ ቤት የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ተጉዞ ነው።

አሁን የምናነሣው አስመጪዎችን በተለይ የሚመለከት ነው። በካታሎግ ላይ «8 ሜትር ይስባል» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ፓምፕ ውሃን ከታች የሚስበው በራሱ ኃይል ሳይሆን በአየር ግፊት ነው፤ እርሱ ባዶ ቦታ ሲፈጥር አየሩ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋለታል። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 10.3 ሜትር ከፍታ ያለውን ውሃ ሊሸከም ይችላል። 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በድሬዳዋ ይህ ወደ 9 ሜትር፣ 2,400 ሜትር በሚደርሱት የአዲስ አበባ ክፍሎች ደግሞ ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ በባሕር ጠለል 8 ሜትር የሚስብ ፓምፕ በአዲስ አበባ ከ5 ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። ከዚህ በታች ካለ ጉድጓድ ወይም ከመሬት በታች ከተሠራ ማጠራቀሚያ እንዲስብ ሲገደድ፣ በፓምፑ ውስጥ ያለው ውሃ በቀዝቃዛነቱ እያለ ይፈላል፤ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠሩና ወዲያው ይፈነዳሉ። የሚሰማውም ድምፅ ጠጠር በብረት ውስጥ የሚንከባለል ይመስላል። ይህን ድምፅ ጎማ አያስቀረውም፤ የሚዞረውን ቅጠልም ቀስ በቀስ ይበላዋል።

መፍትሔው ፓምፑን ወደ ውሃው ማቅረብ ነው፤ ከተቻለም ውሃው በራሱ ክብደት ወደ ፓምፑ እንዲወርድ ከሮቶው ሥር መትከል ነው። የመግቢያውንም ቧንቧ አለማጥበብ ይገባል። ባለ 1 ኢንች አፍ ያለው ፓምፕ ተገዝቶ «ቤት የነበረው» ባለ ግማሽ ኢንች ቧንቧ ሲቀጠልበት፣ የቧንቧው የውስጥ ስፋት በካሬ ሲለካ ወደ ሩብ ስለሚወርድ ያው ውሃ በአራት እጥፍ ፍጥነት ማለፍ አለበት። በዚህም ለጥቂት ብር ቁጠባ ተብሎ ያለ ዕድሜው የሚበላሽ ፓምፕ ብዙ ነው። ከፍታ ሞተሩንም እንደሚነካ አስመጪው ይወቅ፤ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ደንብ የሞተርን ኃይል የሚመድበው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስስ ስለሚሆን ሞተሩን የማቀዝቀዝ ኃይሉ ይቀንሳል።

ሩቢኔት በተከፈተ ቁጥር የሚነሣ ፓምፕ ያላቸው ቤቶች ሌላ ችግር አለባቸው፤ የሚያስጨንቃቸው ጩኸቱ ብቻ ሳይሆን መመላለሱ ነው። ከፓምፑ ጋር የሚሸጠው 24 ሊትር የሚይዝ የግፊት ጋን በውስጡ የጎማ ከረጢት አለው፤ በከረጢቱና በብረቱ መካከል ያለው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ግፊቱን ይይዛል። አየሩ በጊዜ ብዛት ሲያልቅ ፓምፑ በየጥቂት ሴኮንዱ ይነሣል፣ ይቆማል፤ በቆመም ቁጥር ቼክ ቫልቩ በኃይል ተዘግቶ ቧንቧውን ያንኳኳል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ አዲስ ፓምፕ ሊገዛ ይሮጣል፤ ሆኖም የሚያስፈልገው አየር ብቻ ነው። የጋኑ መንፊያ የመኪና ጎማ መንፊያ ዓይነት ስለሆነ የጎሚስታ ፓምፕ ይገጥመዋል። በ1.4 ባር ተነሥቶ በ2.8 ባር እንዲቆም ለተስተካከለ ፓምፕ፣ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ፣ ሩቢኔት ተከፍቶ፣ ውሃው ከጋኑ ከወጣ በኋላ 1.2 ባር ወይም በጎሚስታው መለኪያ 17 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል መንፋት ነው።

በሰገነት ላይ ሮቶ ያለው ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ቀላል መንገድ አለው። ከታች ያለው ማጠራቀሚያ ውሃ በሚመጣበት ሌሊት በራሱ ይሞላ፤ ፓምፑ ግን ቀን ብቻ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ላይ ይላከው። በሰዓት የሚሠራ ማብሪያ ሁሉም ሱቅ ላይኖረው ቢችልም፣ ከአስመጪዎች መካከል አስቦ የሚያመጣው ሰው ገበያ አያጣም።

በብርድ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ጉዳይ በሌላ መልኩ ያውቁታል። በዚያ ፓምፑ የሚያዞረው የቤት ማሞቂያ ሙቅ ውሃ ነው፤ ከምድር ቤት ካለው ማሞቂያ ተነሥቶ በየክፍሉ ወዳሉት ራዲያተሮች ይልከዋል። ይህ ፓምፕ ሞተሩ በውሃው ውስጥ የሚዞር፣ ማራገቢያ የሌለው፣ በተፈጥሮው እጅግ ጸጥተኛ ዕቃ ነው። ቢሆንም ቅሉ የብረት ቧንቧው በቀጥታ ከወለሉ እንጨት ጋር ከተያያዘ ቤቱ በሙሉ ክረምቱን ሲያጉረመርም ያድራል። ጸጥተኛው ፓምፕ ስንኳ በመገናኛው ምክንያት መወቀሱ፣ ስለ እኛ ፓምፖች ከላይ የተባለውን የሚያረጋግጥ ነው። የዚህ ዓይነት ፓምፕ ሙቅ ውሃን በየክፍሉ ለሚያዞሩ ሆቴሎቻችንም ስለሚመጣ ሁለት ነገር ልብ ይሏል፤ የሚዞርበት ዘንግ የግድ አግድም መተኛት አለበት፤ ቆሞ ከተተከለ አየር ይዞ ኩሽኔታውን ያደርቃል፤ የ«ሹሹ» ድምፁም በውስጡ የታሰረ አየር ምልክት ነው። ሦስት ፍጥነት ካለው ደግሞ በትንሹ መጀመር ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ በልማድ በትልቁ ያደርገዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ግን እርሱ አይደለም።

እንግዲህ አስመጪው ለውጭ አገር ፋብሪካ ደብዳቤ ሲጽፍ ከዋጋው ሌላ ጥቂት ነገሮች ይጠይቅ። ፓምፑ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያሰማ፣ በደቂቃ 1,450 ዙር የሚዞር ዓይነት እንዳለ፣ በ2,400 ሜትር ከፍታ ስንት ሜትር እንደሚስብ ማለት ነው። በደቂቃ 1,450 የሚዞረው በዋጋም በመጠንም ከፍ ያለ ቢሆንም፣ ለሆስፒታልና ለእንግዳ ማረፊያ የሚሻለው እርሱ ነው። ባለሱቁ ደግሞ ፓምፑን በመደርደሪያው ላይ ለብቻው አያስቀምጠው፤ አራት ለስላሳ ጎማ፣ ሁለት ተጣጣፊ ቱቦና የጎማ ሮንዴላዎች በአንድ ከረጢት አድርጎ አጠገቡ ይስቀል። የእነዚህ ዋጋ ከፓምፑ ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ጥቂት ነው፤ አንድ ፓምፕ ተመላሽ ሲሆን ከሚያደርሰው ኪሣራ ጋርማ አይወዳደርም። ጎማዎቹን ፀሐይ ከሚመታው መስኮትና ከዘይት ያርቃቸው፤ ፀሐይ ያደርቃቸዋል፤ ዘይት ያብጣቸዋል። ደንበኛው ሲገዛም ፓምፑን ከምን ያህል ጥልቀት እንደሚስብበትና ከየትኛው ግድግዳ አጠገብ እንደሚተክለው አስቀድሞ ይጠይቀው፤ ግድግዳው ከጎረቤት የሚዋሰን ከሆነ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ይንገረው።